ከመርከቧ ወለል ሥር

ሬንጅ ሲቀልጥ የሚሸተኝ ቦታ መቆም አልወድም። ባለፈው ዓመት የሰፈራችንን መንገድ ሊሠሩ መጥተው በርሜሉን ደጃፌ ላይ ጥደው ሲያቀልጡ፣ ጎረቤቶቼ «ተመስገን፣ ከአቧራው ልንገላገል ነው» እያሉ ወጥተው ሲያዩ፣ እኔ መስኮቴን ዘግቼ፣ መጋረጃውን ስቤ፣ በስንጥቁ አሾልቄ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ሳጠና ቆየሁ። ምን እንደምፈልግባቸው እኔም አላውቅ። ልጄ አየችኝና «እማዬ፣ ደግሞ ዛሬ ማንን ጠረጠርሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ቤት ውስጥ «ፍተሻ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። በሩን ሁለት ጊዜ ቆልፌ ሦስተኛ የምሞክር፣ ሰው ሲያመሰግነኝ «ምን ፈልጎ ይሆን?» የምል ሴት ነኝ። ይህ አመል ከየት እንደመጣብኝ ሲጠይቁኝ ቀልጄ አልፋለሁ እንጂ፣ ከየት እንደመጣስ አሳምሬ አውቃለሁ።

አባባ ከምፅዋ ጠቅልሎ የመጣው ዘጠኝ ዓመት ልደፍን ስል፣ በክረምት ነበር። አዳማን ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። አባባ ወደቡ ላይ ጀልባና ሳንቡክ የሚሉትን የሸራ መርከብ የሚጠግን አናጢ ስለነበር፣ እማዬና እኔ እዚህ ስንኖር እሱ በዓመት አንዴ፣ ግፋ ቢል ሁለቴ፣ ዛጎልና የደረቀ ዓሣ ይዞ እየመጣ፣ ሳምንት ሰንብቶ፣ ቤቱን በወሬ ሞልቶት ይመለስ ነበር። በዚያ ክረምት ግን ያለ ዛጎል፣ ያለ ዓሣ፣ የመሣሪያ ሣጥኑን ብቻ ተሸክሞ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ መጣና «ሥራው ቆሟል» አለን። ጦርነቱ ወደቡ አጠገብ መድረሱን በሹክሹክታ ሰምተን ነበር። እማዬ «የሥራ ጓደኞችህስ?» ብላ ስትጠይቀው ጥያቄዋን ሳትጨርስ «ደኅና ናቸው» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ሌላም ቀን ጠየቀችው፤ አሁንም ሳትጨርስ «ደኅና ናቸው» አላት። ልጅ ብሆንም፣ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የሚደርስ ሰው አንድ የሚደብቀው ነገር እንዳለ ገባኝ። አባቴን መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠራ የአናጢዎች ማኅበር ውስጥ ገባ። ከሥራ ሲመለስ ግን እንደ ሌላው አባት ካርታ ሊጫወት ወይም ጠጅ ሊጠጣ አይወጣም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ከማኅበሩ ያመጣውን ቁርጥራጭ እየላገ፣ እያጎበጠ፣ ክንድ ከስንዝር የምትሆን መርከብ ይሠራ ነበር። መጀመሪያ የጎድን አጥንቶቿን አቆመ፤ ቀጥሎ ጎኗን በቀጫጭን ጣውላ አለበሳት። ሰፈሩ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ጌታቸው፣ የጥፋት ውኃ ሊመጣ ነው እንዴ? እኛንም አስገባን እንጂ!» ስትለው፣ ከዚያ በኋላ ስሙ «ኖኅ» ሆኖ ቀረ። አባባ ፈገግ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። እኔ ግን ፈገግታውንም አላመንኩትም። ባሕር በሌለበት ከተማ፣ ያውም በዚያ አቧራ አገር፣ ሰው ያለ ምክንያት መርከብ እንደማይሠራ እርግጠኛ ነበርኩ።

በረንዳችን ላይ ሰው የማይጠፋው በአንድ ሰው ምክንያት ነበር። ጋሽ ሁሴን ይባላሉ፤ ከወሎ መጥተው መንገዱን ተሻግሮ ካለው ሱቃቸው በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግተው ልብስ የሚሰፉ፣ ቀጭን፣ ሜትራቸው ከአንገታቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። አባባ ምፅዋ ሳለ ደብዳቤና ፖስታ በእሳቸው አድራሻ ይልክልን ነበርና ከእሱ ጋር እንደ ወንድም ነበሩ። በዓል ሲሆን የክርስቲያን ዕርድ ስለማይበሉ እማዬ ሁለት ዶሮ ገዝታ አንዱን በሕይወቱ ትልክላቸዋለች፤ እነሱም በአረፋ እንዲሁ ያደርጋሉ። ማታ ማታ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ከአባባ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጡና፣ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ሳይነጋገሩ ይቆያሉ። ጋሽ ሁሴን ብቻ አልፎ አልፎ «ይህች ነገርህ መቼ ነው የምትነሣው፣ ወንድሜ?» ይሉታል፤ አባባም «ንፋሱ ሲመጣ» ይላቸዋል።

ንፋሱ መስቀል ሲያልፍ መጣ። ናዝሬትን የሚያውቅ ሰው በጥቅምትና በኅዳር አቧራው እንዴት እንደሚነሣ ያውቃል፤ ጥርስ ሥር ሳይቀር ይገባል። አባባ መርከቧን ከበረንዳው አንሥቶ ሳሎኑ ጥግ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣትና የላይኛውን ወለሏን፣ ሰው የሚቆምበትን ማለቴ ነው፣ ማንጠፍ ጀመረ። ጣውላዎቹን ከእርሳስ የማይወፍሩ አድርጎ ሰነጠቃቸው። ከመሐል ጀምሮ፣ አንድ በግራ ካነጠፈ አንድ በቀኝ፣ በአንድ ወገን ደርቦ እንዳይሄድ እየተጠነቀቀ፣ በክብሪት እንጨት ውፍረት በጠረባቸው ምስማሮች ይመታቸው ነበር። «በአንድ በኩል ብቻ ከሄድክ ትጣመማለች» ይል ነበር፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ ሳይለይ። በጣውላና በጣውላ መካከል ጥፍር የማያስገባ ክፍተት ይተዋል። «ይህን ለምን ተውከው?» ስለው «ትንፋሽ ነው። በኋላ እንደፍነዋለን» አለኝ። ትንሿ መዶሻው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች። ትቆማለች። እንደገና ቀጭ፣ ቀጭ።

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበርና ሁለት የአብዮት ጥበቃ ልጆች ጠብመንጃ ይዘው በራችንን በእርግጫ ከፍተው ገቡ። ሊቀመንበሩ ቀድሞ ወፍጮ ቤት የሠራ፣ ጩኸት ለምዶበት ሲያወራ የሚጮህ ሰው ነበር።

«ጓድ ጌታቸው! ማሽኑን ወዲህ በል!»

«የምን ማሽን?»

«የሚጽፈውን! ቀጭ ቀጭ የሚለውን! ወረቀት የምታባዛበትን!»

አባባ መዶሻውን እንደያዘ ወደ ጠረጴዛው ሄደና አንዷን የእንጨት ምስማር መታት። ቀጭ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ሳቁን ሊውጥ አልቻለም። ሊቀመንበሩ መርከቧን ዞሮ ዞሮ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባሕር በሌለበት ይህ ምን ያደርጋል?» አለ። አባባ «እጄ እንዳይረሳ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለው። ከአልጋ ሥር፣ ከዱቄት ማስቀመጫ፣ ከእማዬ ሣጥን ሥር ፈትሸው ምንም ሳያገኙ ወጡ።

ሲወጡ ግን አንድ ነገር ጥለውብን ሄዱ። ማን ነው የጠቆመው? እማዬ እትዬ ብዙነሽን ጠረጠረች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሙቀጫ መዋዋስ ቀረ። እትዬ ብዙነሽ ደግሞ ሙቀጫዋን ስለከለከልናት እኛን መጠርጠር ጀመረች። እኔ ውኃ የሚያመጣልንን ባለጋሪ፣ የክፍሌን አለቃ፣ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ፀጉሬን የዳሰሰኝን ቄስ ሳይቀር ጠረጠርኩ። ማን ጆሮ ጠቢ እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉንም መጠርጠር ቀላል ይመስል ነበር። ሰው ቤት ስሄድ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ማሳረፍ፣ የሚያወሩት ዝም ሲሉ ማስተዋል ለመድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ይለኝ ነበር።

ጥር ላይ ነገሩ ባሰ። አሰሳው ከቤት ቤት መዞር ሲጀምር ሰዉ መጽሐፉን ሽንት ቤት ይጥላል፣ ፎቶግራፍ ይቀድዳል፣ ደብዳቤ ያቃጥላል። አባባ በዚያው ሰሞን የወለሉን ክፍተቶች መድፈን ጀመረ። ከደራ ለገበያ የሚመጡ ሴቶች ገመድ የሚያደርጉትን ቃጫ ገዝቶ በማበጠሪያ ያበጥርና፣ እንደ ፀጉር ያቀጠነውን እየገመደ፣ አፉ በዶለዶመ መሮ ወደ ክፍተቱ ይወትፈዋል። ቀጥሎ ከሰም ጋር የቀለጠ ሬንጅ በማንኪያ ጫፍ ያንጠባጥብበታል፤ ሲደርቅ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቀዋል። ቤቱ ሁሉ ሬንጅ ሬንጅ ይሸት ነበር። እማዬ ብታጉረመርም «መርከብን የሚያሰምጣት ከሥር የሚገባው ብቻ አይደለም፤ ከላይ የሚያንጠባጥበውም ነው» ይላት ነበር።

አንድ እሑድ ረፋድ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ እኔ አሞኝ ጓዳ ተኝቼ ነበር። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ሳይ፣ አባባ ሳይነጠፍ የቀረውን የመጨረሻውን ጣውላ በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኙ ከካፖርቱ ገበር ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ካፖርቱን የሚያድሱለት ጋሽ ሁሴን ስለነበሩ፣ እዚያ ወረቀት እንዳለ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቀለለው፤ ለአፍታ በሁለት እጁ ይዞት ቆመ፤ ከዚያም በክፍተቱ አሾልኮ ወደ መርከቧ ሆድ ከተተውና ጣውላውን ደፍቶበት ምስማሩን መታ። መጋረጃውን መልሼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲመጣና ግንባሬን ሲዳስሰኝ እጁ ሬንጅ ሬንጅ ሸተተኝ፤ የተኛሁ መሰልኩ።

እኔ በቀበሌው የሕፃናት ኪነት ውስጥ እዘፍን ነበር። በዚያው ሳምንት የምታሠለጥነን ወጣት ሰብስባን «አናርኪስትን በምን ታውቁታላችሁ?» ብላ ጠየቀችን። ራሷ መልሳ «አናርኪስት ሁለት ስም አለው። አንዱን እናቱ ታውቀዋለች፣ ሁለተኛውን ጓደኞቹ ብቻ ያውቁታል» አለችን። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ይህንኑ ስደጋግም ሄድኩ። አባባ ስንት ስም ይኖረው ይሆን?

በጋው ሊያልቅ ሲል ሊቀመንበሩ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ በሩን አንኳኩቶ። የላብ አደሮች በዓል ሲከበር የቀበሌያችን ሠራተኞች የእጅ ሥራ በአዳራሹ ስለሚታይ መርከቧን እንደሚፈልጋት ነገረን። «ካድሬዎች ከላይ ይመጣሉ። ሞዴል ሥራ ነው! በዋዜማው ልጆቹ መጥተው ይወስዷታል» አለ። አባባ «እሺ» አለ። ሌላ ምን ይል ነበር? እኔ ወረቀቱን እንዲያወጣው ጠበቅኩት። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት ጠበቅኩት። አላወጣውም፤ እንዲያውም ወለሉን በዘይት ወለወለው። እንዳያወጣው የሚያደርገውን ነገር አላውቅም ነበር፤ እኔ የማውቀው መርከቧ ከነወረቀቱ ወደ ቀበሌ እንደምትሄድ፣ ከዚያ በኋላ አባባ እንደማይመለስ ብቻ ነበር። የክፍል ጓደኛዬ አባት እንደወጣ ቀርቷል። እናትዬው ስንቅ ቋጥራ እስር ቤት ስትመላለስ ሰንብታ፣ አንድ ቀን ሣህኑን መልሰው ሰጥተዋታል። ሣህን ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በዋዜማው ጠዋት አባባ ሥራ፣ እማዬ ገበያ ሲሄዱ ቢላዋውን ከሰሉ ላይ አግዬ የመጨረሻውን ጣውላ ዳር ዳሩን ወጋሁት። ሬንጁ ቀለጠ፤ ቃጫው ተንጨፍርሮ ወጣ፤ ጣውላው ተነሣ። ላስቲኩን ፈትቼ ወረቀቱን ዘረጋሁት። በእርሳስ የተጻፉ አሥራ አንድ መስመሮች ነበሩ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ስም፣ በመካከላቸው ጭረት። ተስፋዬ፣ ጭረት፣ ወልደ ሰንበት። መንግሥቱ፣ ጭረት፣ ኪዳነ ማርያም። እስከ ታች ድረስ እንደዚያ ነው። ሁለት ስም!

እኔም እኮ ሁለት ስም ነበረኝ። ዘነበች ብሆንም ቄሱ የሚያውቁኝ ወለተ ሥላሴ ብለው ነው። በዚያች ሰዓት ግን ይህ ጨርሶ ትዝ አላለኝም። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ የራስን ስም ያስረሳል።

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለምን መሰላችሁ? ከእነዚህ ሰዎች አንዱ በራችንን ቢያንኳኳና ስሙን ቢናገር እንዳውቀው ነው። ከዚያ ከሰሉ ላይ ጣልኩት፤ ተሸብሽቦ፣ ጠቁሮ፣ አለቀ። አባቴን ያዳንኩ መሰለኝና ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ጣውላውን መልሼ ስደፋው ክፍተቱ ባዶ ሆኖ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቃጫው በጋለው ቢላዋ ተቃጥሏል፤ ሌላ ቃጫ ከየት ላምጣ? እየሮጥኩ መንገዱን ተሻግሬ ጋሽ ሁሴን ዘንድ ሄድኩና «ጥቁር ክርና ትንሽ ሰም ይስጡኝ» አልኳቸው። መኪናቸውን አቁመው እጄን አዩት፤ ጣቶቼ ሬንጅ ነበሩ። ፊቴን አዩት። አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ድርብ ክር ቆርጠው ከሰም ጋር እየሰጡኝ «ክሩን በሰሙ እሺው፣ ልጄ፤ ያለዚያ ይነሣብሻል» ብቻ አሉኝ። በዚያ ዘመን የሚጠይቅ ሰው ያስፈራ ነበር፤ የማይጠይቅ ግን የባሰ ያስፈራ ነበር። ስመለስ ስለ እሳቸው የማስበው «ለምን አልጠየቁኝም? ለማን ሊነግሩ ነው?» እያልኩ ነበር። ክሩን በቢላዋ ጫፍ ወተፍኩት፤ ከሰሙ ላይ ጥላሸት ቀባሁበት። ከሩቅ ሲያዩት አይታወቅም።

መርከቧ ሄደች። በአዳራሹ ምሰሶዋ ላይ ቀይ ባንዲራ ሰቅለውባት፣ ሊቀመንበሩ ከጎኗ ቆሞ ለካድሬዎቹ ስለ ላብ አደሩ የፈጠራ ችሎታ ሲጮህ፣ እኛ ሕፃናቱ ፊት ለፊት ተሰልፈን እንዘፍን ነበር። አባባ ከኋላ ቆሞ ነበር። ዓይኑ ከመርከቧ አልተነቀለም።

ክረምቱ ሲገባ መለሱልን። አባባ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ወለሉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። መጨረሻው ጣውላ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ጠርሙስ ስባሪውን አንሥቶ ፋቀው፤ ከክፍተቱ ውስጥ ጥቁር ክር መዝዞ አወጣ። ጣውላውን ፈነቀለው፤ በሁለት ጣቱ ገብቶ ፈለገ፤ ገለበጣት፤ ነቀነቃት። ከዚያ ቁጭ አለ። ክሩን በጣቱ ላይ ጠምጥሞ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት።

ጋሽ ሁሴን ዩኒፎርም እየሰፉ ነበር። አባባ ክሩን ከመኪናቸው ላይ አኖረው።

«ይህ የማን ክር ነው?»

ጋሽ ሁሴን ክሩን አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ከአባባ ትከሻ ኋላ የቆምኩትን እኔን አዩኝ። 

«የእኔ ክር ነው» አሉ።

«ካፖርቴ ውስጥ ምን እንደነበረ የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ።»

«አውቃለሁ።»

«ለማን ሰጠኸው?»

«ለማንም አልሰጠሁም። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲያ አትጠይቀኝ፣ ጌታቸው።»

አባባ ዞሮ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በርጩማው ባዶ ሆነ። አባባ በር በተንኳኳ ቁጥር ተነሥቶ ጫማውን ያስር ነበር፤ ሊወስዱት እንደሚመጡ ስላመነ ባዶ እግሩን መሄድ አልፈለገም። ለወራት ጫማውን ሲያስር አየሁት። ማንም አልመጣም። አለመምጣታቸውም ጋሽ ሁሴንን ከአባባ ጥርጣሬ አላዳናቸውም፤ «እያቆዩኝ ነው» ይል ነበር። በአረፋ በጉን በልጃቸው ሲልኩልን አባባ መልሶ ላከባቸው። እማዬ አለቀሰች። እኔስ? ዝም አልኩ። ብናገር፣ የእሱን ምስጢር ማወቄን ሊያውቅ ነው፤ ሁለት ስም ያላቸው ሰዎች ጓደኛ ነው ብዬ ደግሞ አባቴን ራሱን እፈራው ነበር። ዝም ባልኩ ቁጥር መናገሩ እየከበደ ሄደ።

እውነቱን የነገረችኝ እማዬ ናት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ ጠዋት አባባ ነጠላውን አጣፍቶ ብቻውን ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ «የት ነው?» ብያት። አብረውት ይሠሩ የነበሩ አሥራ አንድ ሰዎች አንድ ቀን የተሰበረች ጀልባ ሊያመጡ ወጥተው አልተመለሱም። አባባ ትኩሳት ይዞት ከወደቡ ቀርቶ ነበር። ስለ ሞቱት አንድ ቃል እንዳይወጣ ታዘዘ፤ ማውራት ወሬ መንዛት ነው ተባለ፤ ለቤተሰቦቻቸውም መርዶ አልተነገረም። እነዚያ ሰዎች ባሕር ከመውጣታቸው በፊት የክርስትና ስማቸውን እርስ በርስ ይነጋገሩ ነበር፤ ማን እንደሚቀድም ስለማይታወቅ፣ የተረፈው ለሞተው ፍትሐት እንዲያደርስ ነው። ያለ ክርስትና ስም ቄስ ምን ብሎ ያነሣዋል? አባባም ጽፎ ያዘው። ዘመኑ እስኪሻል ከመርከቧ ወለል ሥር ሸሸገው፤ ቀበሌ ሲወስዳትም «ቀበሌ የራሱን አዳራሽ አይፈትሽም» ብሎ ተዋት። «አሁን ሰባቱን ብቻ ነው የሚያስታውሰው» አለች እማዬ። «አራቱ ጠፍተውበታል። ሁሴን ይህን ያደርጋል ብሎ ማን ያስብ ነበር?»

ያኔም አልተናገርኩም። ይህን ስጽፈው አሁንም ፊቴ ይቃጠላል።

ደርግ ወደቀ። እኔ አስተማሪ ሆኜ አገባሁ። ጋሽ ሁሴን ዓይናቸው ደክሞ መኪናውን ለልጃቸው ሰጥተው በረንዳው ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ሳልፍ «እንዴት ነሽ፣ ልጄ?» ይሉኛል፤ አንድም ቀን ሌላ ነገር አላሉኝም። የሞቱ ቀን አባባ ቀብራቸው ሄዶ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ፣ ማንንም ሳያናግር ተመለሰ። ማታ እራት ሲቀርብለት «ሰውዬው ወንድሜ ነበር» አለ፤ ምግቡን ገፋው። ያን ጊዜ አፌ ከፈቃዴ ውጭ ተከፈተ።

«አባባ፣ ክሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱንም ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

የሚጮህ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «ከማቃጠልሽ በፊት አንብበሽው ነበር?» አለኝ።

«ሦስት ጊዜ።»

እርሳስና ወረቀት እንዳቀብለው በእጁ አሳየኝ። ከአሥር ዓመት በላይ በልቤ የያዝኳቸውን፣ በራችንን ቢያንኳኩ ላውቃቸው ያጠናኋቸውን ስሞች መቁጠር ጀመርኩ። ሰባቱን ያውቃቸዋል፤ ራሱን እየነቀነቀ አለፋቸው። ከጠፉት አራት «ደምሴ፣ ኃይለ ኢየሱስ» ስለው እርሳሱን አነሣ። «ግርማ፣ ወልደ ገብርኤል። መንግሥቱ፣ ኪዳነ ማርያም።» ጻፈ። «በቀለስ?» አለኝ። በቀለን አስታውሰዋለሁ፤ የመጨረሻው መስመር ነበር። ከጭረቱ ማዶ ያለው ግን የለም። ሌሊቱን ሁሉ፣ ሳምንቱን ሁሉ ፈለግኩት። የለም።

«ሁሴንስ ያውቅ ነበር?» አለኝ በመጨረሻ።

«ያውቁ ነበር።»

አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። በማግስቱ በጠዋት ጋቢውን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ መንገዱን ተሻገረና የጋሽ ሁሴን ልጆች ዘንድ ለቅሶ ተቀመጠ፤ ለቅሶው እስኪያበቃ ድረስ፣ ሦስት ቀን።

አሁን አባባም የለም። ከተማዋ ሰፍታለች፤ በረንዳው ፈርሶ ፎቅ ሆኗል፤ ሰው የፈለገውን ስም በአደባባይ ይጠራል፣ ያን ጊዜ ግን ስም ከጣውላ ሥር ይቀበር ነበር። እኔ በዓመት አንዴ ዝርዝሩን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ዘንድሮ ስሞቹን ደብተር ላይ የሚያሰፍረው ዲያቆን አዲስ ልጅ ነበር። አሥሩን ጽፎ አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«በቀለ የዓለም ስሙ ነው፣ እናቴ። የክርስትና ስም የለውም?»

«ነበረው» አልኩት። «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።»

ልጁ «በቀለ» ብሎ ጻፈና ከጎኑ ያለውን ቦታ ባዶ ተወው።